አፉን የፈታው ሱቅ

ውድ ወንድሜ የህያ፣ አሰላሙ አለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሰበታ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የሱቃችንን ዌብሳይት ታውቀው የለ? የጨርቁን ዓይነትም ዋጋውንም የምንጽፈው ፎቶው ላይ ነበር። መምህር አሥራት የሚባሉ ዓይነ ስውር ደንበኛ ደወሉልኝና፣ «ስልኬ ጽሑፍ ያነብልኛል፤ የእናንተ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን 'ፎቶ፣ ፎቶ' ብቻ ይላል። ሱቃችሁ በር ድረስ መጥቶ እንደ መመለስ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ገዢ ጠፋ እያልኩ አማርራለሁ! ለካ በሩን የዘጋነው ራሳችን ነን።

ልጄ ሬሐና ዓይነቱንም ቀለሙንም ዋጋውንም ከፎቶው ለይታ በጽሑፍ አስገባችው። በነጋታው መምህር ማንንም ሳይጠይቁ ለባለቤታቸው ሰማያዊ ሐር አዘዙ። እንዴት ያሉ ሰው መሰሉህ! ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ የፈለጉትን ከእኔ ቀድመው ያገኙታል። አሁን ጓደኞቻቸውም ደንበኞቻችን ሆነዋል።

እኔም ስልኬን እንደሳቸው ስልክ ጽሑፍ እንዲያነብልኝ አስደርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየሰማሁ እለማመዳለሁ። መርፌዬ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ሬሐና ናት፤ ይህንንም እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እሷው ናት።

ለኢድ አልፈጥር ና እንጂ ለአረፋ አታቆየው። ልጆቹንም አምጣቸው፤ ዓይኔ እያለ መልካቸውን ደህና አድርጌ ልያዘው።

አላህ በሰላም ያምጣችሁ፤
እህትህ ራቢአ