ለመርፌዬ የመጡ ሽማግሌዎች

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ቢቸና

ሁለት ኦፕራሲዮን። አንዱ ትርፍ አንጀት፣ አንዱ ወሊድ። መካከል ላይ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በስልኬ ባትሪ አበራሁላቸው። ሁለቱም በሰላም ወጡ። የወላዷ እናት እጄን ስመው "አስተኚዋ፣ ዕድሜሽ ይርዘም" አሉኝ። ስሜ ንግስት መሆኑን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ማደንዘዣ የምሰጠው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተረኛ የሚባል ነገር የለም፤ ቀንም ሌሊትም እኔው ነኝ። ሰው ሳስተኛ እውላለሁ፣ ራሴ ግን አልተኛም።

ማታ ኔትወርክ ብቅ ሲል ኢሜይል ገባ። ጅቡቲ ያለው የግል ሆስፒታል ተቀበለኝ! ለአንድ ዓመት፣ በጊዜያዊ የባለሙያ የሥራ ቪዛ። ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃና ከመሥሪያ ቤቴ መልቀቂያ እስከ ጥር መጨረሻ ላኪ ይላል። ያለ መልቀቂያ ቪዛ የለም። ደመወዙ… አልጽፈውም። ዓይን ይበላዋል፣ የራሴም ዓይን ቢሆን።

ለማንም አልናገርም። የውጭ አገር ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው አፉን ይዘጋል። ለእማዬማ በጭራሽ። እማዬ ሞጣ ላይ ሰማች ማለት ገበያው ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ኅዳር 11

ፎቶ ቤት። ፎቶ አንሺው ሙሂዲን የሞጣ ልጅ ነው፣ ያገሬ ልጅ ብዬ እሱን መረጥኩ።

"ጀርባው ነጭ ይሁን።"

"የት አገር ነው?"

"ለመታወቂያ ነው።"

"ለመታወቂያ ነጭ ጀርባ? እሺ… ጆሮሽን አውጪ። አትሳቂ። ጅቡቲ ነው ኬንያ?"

ደንግጬ ነው መሰለኝ "ኬንያ አይደለም" አልኩት። ደደብ!

ፎቶው ላይ በስርቆት የተያዝኩ እመስላለሁ።

ኅዳር 14

የሆስፒታሉ ጥበቃ በር ላይ፦ "ጅቡቲ ይሞቃል አሉ፣ ጃንጥላ እንዳትረሺ።"

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ዶክተር ስጦታው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊያችንም ናቸው፣ ቀዶ ሕክምናውንም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። መልቀቂያ ጠየቅኩ።

"አልጽፍም።"

"መብቴ ነው ዶክተር።"

"መብትሽ ነው። ግን አንቺ ስትሄጂ እኔ ቢላ ይዤ ምን ላደርግ ነው? በሽተኛውን ተረት እየነገርኩ ላስተኛው? ሕዝቡስ ምን ይለኛል?"

እውነታቸውን ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ምትክ ጠይቀዋል፣ አንዴም አይደለም። ግን ምትክ እስኪመጣ እኔ በድካም ልለቅ? አንድ ሌሊት ስልኬን አጥፍቼ መተኛት እፈልጋለሁ። በቃ ይኸው ነው የምፈልገው። ነውር ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፣ ሞጣ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ትናንት እማዬን ልጠይቅ መጣሁ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። በታኅሣሥ! ለጥር ሠርግ ሽማግሌ በሚላክበት ወር! እማዬ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ።

"ቀሚስሽን ቀይሪ! ማነው? ሐኪም ነው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ዶሮ እንኳ እንዳላርድ በጾም ይመጡብኛል…"

በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ የፊተኛው አያ ጓዴ ናቸው፣ የቢቸናው። ያላቸው አንድ ልጅ ካገባ ቆይቷል። ታዲያ ለማን ነው? ልዋሽ አልችልም፣ ልቤ መታ። ቀሚሴን ቀየርኩ። ሊፕስቲክም ተቀባሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማዬ "ተቀመጡ" ብትል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። በደስታ ልትሞት!

"ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?"

አያ ጓዴ ግራ ገብቷቸው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "እኛ ለጋብቻ አይደለም እመቤቴ። ልጅዎ ጅቡቲ እንዳትሄድብን ያዙልን ልንል ነው።"

እማዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "የት?"

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እኔን ብሎ የመጣ አንድ ሽማግሌ የለም። ለመርፌዬ ግን ሦስት መጡ።

"ማን ነገራችሁ?" አልኩ ተናድጄ።

"ሙሂዲን ፎቶሽን አንሥቶ የለም?" አሉ አያ ጓዴ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ በሚል ዓይነት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ምራቴ ባንቺዓለም ሁለቱንም ልጆቿን በኦፕራሲዮን ነው የወለደች። ሦስተኛው በጥር ነው። ገናም ትወልዳለች። አንቺ ከሌለሽ ደብረ ማርቆስ ልንወስዳት ነው፤ መንገዱ የተዘጋ ቀን ምን እንሆናለን ልጄ?"

ሳቄም ንዴቴም ጠፋ። ጋቢያቸውን ጨብጠው ቆመዋል።

"ባንቺዓለም በሰላም ሳትገላገል አልሄድም" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ግን እናንተው ዶክተሩ ፊት ቆማችሁ ልቀቋት ትላላችሁ።"

ተንሾካሾኩ። "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው?"

"ለአንድ ዓመት።"

"እንግዲያው ለአራተኛው ትደርሻለሽ" አሉና አያ ጓዴ ተቀመጡ። እማዬ ሽሮውን እያኮረፈች አቀረበች።

ታኅሣሥ 14

እማዬ ስትሸኘኝ፦ "ለእኔ ሳትነግሪ ለፎቶ አንሺ?"

ሻንጣዬን ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ቢቸና

የባንቺዓለም ቀን። ጀርባዋ ላይ ወጋኋት፣ ከወገብ በታች ደነዘዘች። በዚህ መርፌ እናቲቱ አትተኛም፣ ስለዚህ ዶክተሩ ሲሠሩ እኔ ራስጌዋ ቆሜ አዋራታለሁ።

"አማቴ ሽማግሌ ሆነው መጡብሽ አሉ።"

"መጡ።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ? ገና ትወልዳለች ብለው ነው አይደል?"

የግንባሯን ላብ ጠረግኩላት። ልጁ ወጣ፤ ወንድ ነው፣ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ዶክተሩ ከመጋረጃው ወዲያ "ባንቺዓለም፣ እንደተስማማነው ልቋጥረው?" አሉ።

"ይቋጥሩልኝ። ጠበቅ አድርገው።"

አየኋት። እሷም አየችኝ።

"ከእንግዲህ አልወልድም። ባሌ ያውቃል። አማቴ አያውቁም። አንቺም አታውቂም።"

"አላውቅም" አልኩ።

"በእኔ በኩል ተለቀሻል እህቴ። እኔም ብችል እሄድ ነበር።"

ውጭ አያ ጓዴ ወንድ ነው ሲባሉ ዘለሉ። እግራቸው ታሟል ሲባል ነበር! "ሦስት ሞሉ! አራተኛውን ስትመለሺ" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ሳቅ ሊገድለኝ ነበር። ቤት ስገባ ግን ሳቁ የለም። እኚህ ሰው አምነውኛል።

ጥር 18

ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ሦስቱም ዶክተር ስጦታው ቢሮ ቆመው "አንቀመጥም" አሉ። መልቀቂያው ተፈረመ! ምትክ በመጋቢት ይመጣል ተብሏል። ተብሏል…

የካቲት 27

ቪዛው መጣ። ያ የሌባ ፎቶ ተለጥፎበታል። ለእማዬ ቀድሜ ደወልኩ። እልል አለች፤ ሞጣ አሁን ያውቃል።

የካቲት 19፣ ሐሙስ፣ በዓመቱ፣ ጅቡቲ

ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይሞቃል፣ ጥበቃው አልዋሸም። እዚህ አራት ነን፣ ተረኛ አለ፣ ተረኛ ያልሆንኩ ሌሊት ስልኬን አጥፍቼ እተኛለሁ። ፈረንሳይኛዬ በሽተኞቹን ስለሚያስቃቸው መርፌውን ይረሱታል። ጠዋት አስተዳደር ቢሮ ጠሩኝ። ቪዛሽ ይታደስ ወይ? ሳላስብ ፈረምኩ። ሁለተኛ ዓመት።

ማታ ስልክ። "ሄሎ! አስተኚዋ!" አያ ጓዴ! አገሩ ስለራቀ ነው መሰለኝ ይጮሃሉ። በእኔ ምትክ አዲስ አስተኚ መጥቷል፣ ጎበዝ ነው፣ እጁ ግን ይከብዳል አሉ። ትንሹ የልጅ ልጃቸው መሄድ ጀምሯል።

"ባንቺዓለም ግን ዝም አለች፣ አላረገዘችም። ሰው ሁሉ ምን ሆነች ይላል። እኔ ገብቶኛል።"

"ምን ገባዎት አያ?"

"አንቺን እየጠበቀች ነዋ! ያለ አስተኚዋ አልወልድም ብላ ነው። ዓመቱ ሞላ አይደል? መቼ ትመጫለሽ?"

ከኋላቸው አንዲት ሴት ስትስቅ ሰማሁ።

ምን ይባላል? "እመጣለሁ አያ" አልኩ።

"እንጠብቅሻለን ልጄ።"

ስልኩ ሲዘጋ ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ ሆዴን ይዤ። ከዚያ አለቀስኩ። የሚጠብቁት ልጅ አይመጣም፣ እኔም ጠዋት ፈርሜአለሁ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ጠብቆኝ አያውቅም።