በመንገድ ዳር ስለተተከለው የእናቴ ሽንኩርት

ለተከበሩ የሸለቆው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የጫማዎን ንጽሕና እመኛለሁ። ጫማዎን ያነሳሁት በድፍረት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ወንዙ ዳር ወርደው ጭቃው ሲይዝዎ «ጫማዬን! ጫማዬን!» ብለው ስለጮኹ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዉ ስምዎን ትቶ «ጫማዬን» እያለ ስለሚጠራዎ ነው። እኔ ግን «ክቡር» ነው የምልዎት።

ያስታውሱኝ እንደሆነ አላውቅም። እርሻችንን ሊጎበኙ እንግዶች የመጡ ቀን ስለ ሸለቋችን በቃሏ ያነበነበችው ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት ስቆምም ድምፄ ይጠፋል። እርስዎም ይህንን አይተው «ይቺ ትሁን፣ የሰጧትን ብቻ ነው የምትለው» ብለው መረጡኝ። ለጣሉብኝ እምነት እያመሰገንኩ፣ ያን ቀን በሦስት ከፍለው ያስጠኑኝን ቃል ዛሬ በዚያው ቅደም ተከተል አርሜ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መልክዓ ምድር። «ሸለቋችን በወንዙ ምክንያት ለም ነው» ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ ለሙ መሬት ግን ታች ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ጥቁር ደለል ትቶልን ይሄዳል፤ ደለሉ ሳይደርቅ የደረሰ ይተክላል፣ የዘገየ ሰው መሬቱ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀዋል። ላይ፣ መኪና መንገዱ ዳር ያለው ጠጠር ነው። እርስዎ ግን እንግዶቹ ቁልቁል መውረድ እንዳይደክማቸው አስበው ወንዙን ወደ መንገዱ አመጡላቸው፤ ወንዝ አጠገባችን እያለ በቦቴ ውኃ አስጭነው ጠጠሩን አረጠቡት። ይህንን ፈጣሪም አላሰበው።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ። «ሕዝቡ ትጉህና እንግዳ ተቀባይ ነው» ብዬ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ የሽንኩርት ችግኝ ማፍያ መደቧን ሳር አልብሳ፣ ጠዋትና ማታ በባልዲ እያጠጣች፣ ጨቅላ እንደሚያሳድግ ሰው ጎንበስ ቀና ስትልለት ነበር። እርስዎ ሠራተኞች ልከው ችግኙን አስነቅለው መንገድ ዳር ሲያስተክሉት፣ እናቴ እየሮጠች ወጥታ «ጌታዬ፣ ገና ክር ነው እኮ፤ ሥሩ አልጠናም» ብላ ለመነችዎ። እርስዎም በዕድሜ የምታንስዎትን ሴት «እማማ» ብለው አክብረው፣ «እንግዳ ሥር አያይም፤ የሚያየው ቅጠል ነው» አሏት። እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬት አይ ነበር። ያን ቃልዎን እስከ ዛሬ ሳመነዥከው ነው የኖርኩት።

እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ቦቴውም ሄደ። ችግኙ ሳምንት ሳይሞላው ጠወለገ፤ ፍየሎች እንኳ አሽትተው አለፉት።

ሦስተኛ፣ ኢኮኖሚ። «ኢኮኖሚያችን በግብርና ላይ የተመሠረተ ነው» ብዬ ነበር። መደቡ ባዶ ስለቀረ ማሳችንም ባዶ ቀረ። ዘንድሮ እናቴ የምትቆፍረው የጎረቤት ሽንኩርት ነው፤ ማታ ስትገባ እጇ የሰው ሽንኩርት ይሸታል። በዚህ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ፣ በዚህ ወቅት ሳይለማ የተገኘ የወንዝ ዳር መሬት ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ መጀመሪያ የተጠራውም የእናቴ ማሳ ነው። ችግኙን ከወሰዱ በኋላ «ማሳው ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ማሳውን ለመውሰድ መነሳትዎ፣ የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ የማይተዉ ሰው መሆንዎን ያሳያል።

ያስጠኑኝ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚከተለውን ያገኘሁት በራሴ ነው።

እነዚያው እንግዶች ሽንኩርቱ ምን ላይ እንደደረሰ ለማየት ሐሙስ እንደሚመለሱ ሰምተናል። ዘበኛዎ አክስቴ ጉልት መጥቶ ሽንኩርት በጆንያ ሲገዛ፣ አክስቴ «ሠርግ አለ እንዴ?» ብትለው «ምን ሠርግ አለ፣ ሊተከል ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ጉልቱ በሙሉ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ክቡር ሆይ፣ የገበያ ሽንኩርት ሥሩም ቅጠሉም ተቆርጦ ነው የሚሸጠው። እንግዳ የሚያየው ቅጠል ነው ብለውን ነበርና፣ ሐሙስ ምን ሊያሳዩአቸው እንዳሰቡ ለማየት በጣም ጓጉተናል።

ይህንን የጻፍኩት ይቅርታ እንዲጠይቁን አይደለም፤ ይቅርታዎም መንገድ ዳር የሚተከል ዓይነት ይሆናል። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የእናቴ ማሳ በእናቴ እጅ እንዲቀር፣ እርስዎም እናቴ በቆመችበት ቦታ፣ እንግዶቹ ፊት ቆመው፣ መሬት መሬት እንዲያዩ።

ስለ ቦቴው፣ ስለ ጭብጨባው፣ በተለይም «እማማ» ስላሉልን ከእናቴ ጋር ዝቅ ብለን እጅ እየነሳን፣ ሐሙስ በሰላም ያገናኘን እላለሁ።

አክባሪዎ፣
የሰጧትን ብቻ የምትለዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስም እንዳነበንብ አዝዘዋል። ታዛዥ ነኝና አጥንቻለሁ፤ ያጠናሁት ይህንን ደብዳቤ ነው። ድምፄ ቢጠፋ ወይም በሌላ ልጅ ቢተኩኝ አይስጉ፤ ወንዙ ላይ ውኃ የምንቀዳ ልጆች ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። እንግዶቹ የእናቴን ማሳ ማየት ከፈለጉም ቁልቁል ይዘናቸው እንወርዳለን። እርስዎ ለጫማዎ ሲሉ መንገዱ ላይ ይጠብቁን።