የሰመጠችው ጀልባ በር ላይ

ኢሳያስ ወንድሜ፣

ከአሜሪካ ሰሜን ጫፍ፣ ከሜይን ጠረፍ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው የምጽፍልህ። ውሃው እንዴት ቢቀዘቅዝ ነው ካልክ፣ እዚያው አትላንታ ዳር ኖርክሮስ ያለው ሱቄ ሂድና ጭንቅላትህን የሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ክተት። የኑሃሚን አባት ጋሽ ለገሰ የድሮ ባሕር ኃይል አይደሉ? ልጄን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ከእኔ ጋር ባሕር ጠልቆ ዳይቭ ያድርግ ብለው ይዘውኝ መጡ።

ታች ባሕሩ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ የሰመጠች የዓሣ ጀልባ አለች። በሯ በአንዴ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። አስጎብኚያችን በእጇ "ግቡ" አለችን። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ይቅደሙ ማለቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ትከሻዬን ይዘው ወደ በሩ ገፉኝ። አፋቸው በመተንፈሻው ቱቦ ባይታፈን "በሞቴ" ይሉኝ ነበር። እኔም ክንዳቸውን ይዤ ሳብኳቸው። ለአማቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ልግባ እንዴ? አስጎብኚዋ የተጣላን መስሏት መሃላችን ገባች። ስንግደረደር የተሸከምነው አየር ሊያልቅ ሆነና ጀልባዋን ከደጅ አይተናት ወጣን። አንድ ዓሣ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ሰተት ብሎ ገባ።

በቃ ኑሃሚንን አጣኋት እያልኩ ከውሃው ስወጣ፣ ጋሽ ለገሰ መነጽራቸውን አወለቁና "አትላንታ ስንመለስ ሽማግሌ ላክ" አሉኝ። "በር ላይ የማይግደረደሩ ይሁኑ እንጂ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።"

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እትዬ ፋናዬን ሳምልኝ። አባትህን ለሽማግሌነት ለምንልኝ፤ ግን አደራህን፣ ግቡ ሲሏቸው ይግቡ!

ተስፋጽዮን