በመስታወት ሣጥን ለተቆለፈው የጠፈር መከለያ ባለአደራዎች

ለጠፈር ቴክኖሎጂ ወደ ኢንዱስትሪ ማሸጋገሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎስ፣ የወንበርዎ መንኮራኩርስ ደህና ናቸው? እኔ በብርጭቆ ፋብሪካው የጠርሙስ ሣጥን ጫኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ያልተስማማኝ፣ ለክብርዎ ያለኝ አክብሮት ግን ጨረቃ የሚደርስ ወጣት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት በበርዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ገና መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው። ማርስም ቢሆን እስካሁን ይደረስ ነበር።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩን ላስረዳ። አባቴ የእቶን ተመልካች ነው። ሥራው በየግማሽ ሰዓቱ በእቶኑ ቀዳዳ አጎንብሶ የቀለጠውን ብርጭቆ ቀለም አይቶ «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» ማለት ነው። የሙቀት መለኪያው ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁን መለኪያው አባባ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት እሳት በባዶ ዓይኑ ሲያይ ኖሮ አምና ግራ ዓይኑ ጠፋ፤ ሐኪሙም ቀኙ የሚተርፈው ከሙቀቱ ከተከለለ ብቻ ነው አለን። እርስዎ የደረሱልን ይሄኔ ነው። የጠፈር ተጓዦችን ዓይን ከፀሐይ የሚጠብቀውን፣ ስስ ወርቅ የተቀባውን የፊት መከለያ ለእቶን ሠራተኛ እንዲሆን አስተካክለው አመጡልን። ለዚህ ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. መከለያውን ባመጡበት ቀን ሪባን ቆርጠው፣ አጨብጭበው፣ በእንግዳ መቀበያ አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። በአዳራሹ ያለው እሳት የሻይ ማፍያው ብቻ ነው። የኛ ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይል ነበር፤ እርስዎ ግን ላሚቱን ከሰማይ አውርደው አሰሩልን። ወተቱ ግን ያው ነው።

2ኛ. አባባ ለሥራ ይሰጠኝ ብሎ ቢጠይቅ የንብረት ክፍሏ እመቤት «ውይ አባባ፣ ይቧጨራልኮ! የተመዘገበው ለኤግዚቢሽን ነው» አሉት። «የኔ ዓይንስ?» ቢላቸው መዝገቡን አገላብጠው «እሱ እኛ ጋ የለም» አሉ። ለጥንቃቄያቸው ምስጋና ይድረሳቸው።

3ኛ. እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ለደኅንነት ሲባል ሣጥኑ አናት ላይ ስለሚቀመጥ፣ የቤታችንን ባልዲ ለሁለት ሰንጥቄ ወርቅማ ቀለም ቀባሁና በመከለያው ቦታ አስቀመጥኩት። ባልዲው አርባ ቀን ተጎበኘ። ሁለት የልዑካን ቡድን አብሮት ፎቶ ተነሣ። እርስዎም ጎኑ ቆመው ስለ ሰው ልጅ የጠፈር ጉዞ ንግግር ሲያደርጉ፣ ከመታጠቢያ ቤታችን ርቆ የማያውቀው ባልዲ እንኳ ኮራ ብሎ ነበር።

አባባን ጽሕፈት ቤቱ ፈቀደልህ ብዬ ዋሸሁት። በወርቁ ውስጥ ሲታይ ብርጭቆው ሌላ ቀለም ስለሚመስል፣ ዕድሜውን ሙሉ ያወቀውን ትቶ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሀ ጀመረ። ሁለት ዙር ብርጭቆ አበላሸና ሦስተኛው ላይ ያዘው። ከሳምንታት በኋላ ዓይኑ ማንባት ተወ። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆኖ «አንተ ቀልማዳ፣ ያን ጎፈሬህን አትቆረጠውም?» አለኝ። ከበር ላይ ሆኖ ለየኝ! ስድብ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

4ኛ. ከዚያ እርስዎ እንግዳ ይዘው ወደ እቶኑ መጡ። አባባ መከለያውን እንዳጠለቀ ሮጦ እጅ ነሳና «ጌታዬ፣ ዓይኔን መለሱልኝ፤ ልጆችዎን ይባርክልዎ!» አለዎ። በምስጋና የተያዘ ሌባ ቢኖር እኔ ነኝ። ትከሻውን አቅፈው ፎቶ ተነሡ፤ እንግዶቹ ከበር ሲወጡ ግን በገዛ እጅዎ ከፊቱ ላይ አወለቁት። ለማውለቁ ሰው አለማዘዝዎ ትሑት መሪ መሆንዎን ያሳያል።

5ኛ. ዛሬ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱም አናቱ ላይ አይቀመጥም። የዓመቱ ሪፖርትዎም ቴክኖሎጂው መቶ በመቶ ተሸጋግሯል ይላል። አልዋሹም፣ የተሸጋገረ ነገር አለ። አባባ ቀለም መለየት ስላቃተው በቀዳዳው የማየው አሁን እኔ ነኝ። «አባባ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል» ስለው «ገና ነው፣ ታገስ» ይለኛል። ማታ ማታ የኔም ዓይን ማንባት ጀምሯል፤ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ቢያካትቱት ደስ ይለኛል።

መከለያው ይሰጠን ብዬ አላስቸግርዎትም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት «አሁንማ ለአባትህ ቢከለልም ባይከለልም ያው ነው» ስላለን ቢያንስ ከአንድ ጠያቂ ተገላግለዋል።

ጽሕፈት ቤትዎ ከፍ ከፍ ይበል፤ ቢቻል መመለሻ ነዳጅ እስኪያልቅበት።

በፍጹም መሽቆጥቆጥ፣
የእቶን ተመልካቹ ልጅ፣ ተተኪ መለኪያ

ማስታወሻ፦ ይህን ለአባባ ሳነብለት ምስጋና ምስጋናውን እየመረጥኩ ነበር። መከለያው ለዕድሳት የሄደ ይመስለዋል። «ጎሽ፣ በሥርዓት ነው የጻፍከው፤ እኔም ልፈርም» አለ። ፊርማው ያማረ ሰው ነበር፤ መስመሩ አልታይ ሲለው ጊዜ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ራሱ አሳረፈው። ከላይ ማዕረግዎ በተጻፈበት ላይ የተቀመጠው ጥቁር ነገር እሱ ነው። ማመስገኑ ነውና አይቀየሙት።