ከወንበሩ ሥር ያለው ስም

ጥር 4

ሥራ የለም። ድንኳኑን ጠጋገንኩ። ሦስት መቶ አሥሩንም ወንበር አጠብኩ። ወንበር አከራይ ሥራ ቢያጣ እንኳ መቀመጫ አያጣም... የሙያው ክብር ይኼው ነው።

ከሰዓት በኋላ «ደረሰኝ» ከምንለው ሰው ደብዳቤ መጣ። ወንበሩንም ድንኳኑንም በዱቤ የሸጠልኝ ነጋዴ ነው፤ ሰላም ላሉት ሁሉ ደረሰኝ ሳይቆርጥ አይቀርም ብለን ነው ስሙን ያወጣንለት። «በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈልክ ኪሳራህን በፍርድ ቤት አሳውጃለሁ፤ ንብረትህም ይሸጣል» ይላል። በሕይወቴ የታወጀልኝ ነገር ኖሮ አያውቅም። ሠርጌ እንኳ በሹክሹክታ ነው ያለፈው።

ጥር 5

ለሚስቴ ነገርኳት። «ሂድና አነጋግረዋ!» አለች። አነጋግረው! እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ የሚታየው ሰው ንግድ አይገባውም። እኔ ዕቅድ አለኝ።

ጥር 7

ወንበሩም ድንኳኑም ለሚስቴ ወንድም «ተሸጠ»። ውሉ ላይ የአምና ቀን ጻፍንበት። ዋጋው አንድ ምሳ። ሒሳቡን የከፈልኩት ደግሞ እኔ።

«አትስጋ ጋሼ፣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ቁጠረው» አለኝ።

የማን ኪስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጥር 12

አራት ቀን ሙሉ ስሜን ስፍቅ ከረምኩ። በምላጭ። ለካ እያንዳንዱ ወንበር ሥር ስሜ በቀይ ቀለም ተጽፏል! ድግስ ላይ ከሌላ አከራይ ወንበር ጋር እንዳይደባለቅብኝ ብዬ ራሴው ነኝ የጻፍኩት። ያውም በትልልቁ።

ሚስቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «ሰው ስሙን ለማስጠራት ይለፋል፤ አንተ ስምህን ለመፋቅ።»

ሁለት መቶ ዘጠናኛው ላይ እጄ ዛለ። የቀረውን ሃያ ማን ገልብጦ ያየዋል? ማታ የሚስቴ ወንድም ወንበሮቹን ጭኖ ወሰዳቸው።

ጥር 16

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... ውሻው እኔ። ውሉን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«ማስጠንቀቂያ ከደረሰህ በኋላ ለዘመድ ያሸሸኸውን ፍርድ ቤት ያፈርሰዋል። የሐሰት ቀን መጻፍህ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።»

«ታዲያ ንብረቴን በምን ላድን?»

«ሂድና አነጋግረው። ገቢህን አሳየው፣ በየወሩ ልክፈል በለው። የምትታለብ ላም አትታረድም።»

ለዚህ ምክር አስከፈለኝ። ሚስቴ በነጻ ነግራኝ ነበር።

ጥር 17

የሚስቴን ወንድም «ወንበሮቼን መልስ» አልኩት።

«የትኞቹን?»

«የእኔን ነዋ!»

«ጋሼ... እስቲ ውሉን ደግመህ አንብበው።»

ለቅዳሜ ሠርግ አከራይቷቸዋል። የማን ኪስ እንደነበር አሁን ገባኝ። ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ።

ደግሞ ሠርጉ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የደረሰኝ ልጅ!

ጥር 19

ምን ነካኝ? ያልተፋቀውን ስሜን ደረሰኝ እንዳያይብኝ ብዬ፣ ወንበር አመላላሽ መስዬ፣ ምላጬን በኪሴ ይዤ ሠርጉ ውስጥ ገባሁ። ከሃያዎቹ ዘጠኙን አግኝቼ ፋቅሁ። አሥረኛው ላይ ሰው ተቀምጦበታል። በእንብርክኬ እንዳለሁ «ይቅርታ፣ አንዴ ይነሱልኝ...» ብዬ ቀና ስል፣ ደረሰኝ!

«ምን ጠፋብህ፣ ወንድሜ?»

«ስሜ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ተነሣ። ወንበሩን ገለበጠ። አነበበ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም።

«ሰኞ ቢሮ ና። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ወንበር አለኝ፤ ይዘህ እንዳትመጣ።»

ጥር 21

አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሁለቱንም የውል ቅጂ ፊቱ ቀደድኩ። የወንድሟን ቅጂ ያመጣችው ሚስቴ ናት። እንዴት አድርጋ እንዳመጣችው አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ወንድሟን ሳየው ግን አንድ ጆሮው ቀልቷል።

ደረሰኝ ድንኳኑን በዕዳው ወሰደው። ወንበሮቹ ተረፉልኝ... ለሁለት ዓመት ከየኪራዩ ግማሹ የእሱ ነው። ክሱ ቀርቷል።

«ስምህን መልሰህ ጻፍበት» አለኝ። «ባለቤቱ የማይታወቅ ንብረት በመያዣነት አልቀበልም።»

ደረሰኝ ቆረጠልኝ።

ጥር 25

እየጻፍኩ ነው። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ወንበር። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ሚስቴ የቀለሙን ጣሳ ይዛልኛለች።

«አነስ አድርገህ ጻፈው» አለች።

«ለምን?»

«ደግሞ ስትፍቀው እንዳይደክምህ።»

በትልልቁ ጻፍኩት።