በማኅተሙ ወረቀት ላይ የገባው ስም

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የቢዮ አዋሌ አየር ጉልበትሽን አሻለው ወይ? እኔን ከሐሳብ በቀር የሚያመኝ የለም። ደብዳቤውን ለሚያነብልሽ ወንድምሽም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስሜን ሲያይ ፊቱን እንዳያጠቁር ለምኚልኝ።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የሚበልጠኝ ጸሐፊ የለም፤ ማለቴ፣ ከማታ ተማሪዎች የኋላ ወንበር ላይ ከምንቀመጠው። እሱም ዱዓሌ የቀረ ዕለት።

እሑድ መጥተሽ ቴአትራችንን እንድታዪ ልኬብሽ ነበር። አትምጪ።

ቴአትሩን የደረሱት መምህራችን አቶ ወልደማርያም ናቸው። ልጁ ስለሞተበት አባት ነው። ድምፅህ ከፋብሪካው ጥሩምባ ይበልጣል ብለው አባቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሚስቴ ዱዓሌ ነው፣ ያ ቀፊራ ገበያ ጆንያ የሚሸከመው። ሴት ብናጣ ጢሙን ላጭተን ነጠላ አለበስነው። «ዋሪያ፣ ከእኔ የተሻለች ሚስት አግኝተህ አታውቅም» ይለኛል።

የሟቹ ልጅ ስም ሣህሉ ነው። መምህሩ እንዲሁ ገጥሟቸው ያወጡት ነው፤ የእኛን ሣህሉ አያውቁትም።

በአርባው ማግስት ዕቃሽን ስትሸክፊ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛውን ስታስቅ ሰነበትክ፤ ለልጅህ አንድ ዘለላ እንባ አጣህለት» አልሽኝ። እውነት ነው፣ አስቄአለሁ። አፌ ሥራ ከፈታ እንደ እብድ የምጮህ መስሎኝ ነበር። ለዚህ ነው ድርሻውን ስቀበል፣ መጥታ ከፊት ትቀመጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሳለቅስ ትየኝ ያልኩት።

ባለፈው ማክሰኞ በልምምድ ላይ አልጋው ሥር ተንበርክኬ «ሣህሉ፣ ተነሥ» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ የምር መጣ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዱዓሌ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ይንፈቀፈቃል። ቀልደኛ ሲያለቅስም የሚቀልድ ይመስላቸዋል።

አቶ ወልደማርያም ብቻ አልሳቁም። የቴአትሩን ወረቀት ገለጥ አድርገው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ወረቀት አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ በየገጹ ማኅተም ተመትቶበት የተመለሰ ነው። አንድ ቃል ከተጨመረበት ቴአትሩ ይታገዳል። እኔ ደግሞ በቀለም አንድ ቃል ጨምሬበት ተገኘሁ። «ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ነው?» አሉኝ።

አሁን አባቱን የሚሠራው አብሮን የሚማረው ገዲ ነው። ገዲ ልጅ ወልዶም ቀብሮም አያውቅም። በመሐረብ ሽንኩርት ቋጥሮ ያለቅሳል፤ ማንም አይስቅበትም። እኔ መጋረጃ እስባለሁ። መጋረጃ ስስብ ለማየት ከቢዮ አዋሌ ድረስ መንገድ አይመታም።

እግዜር ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ከሚያስቅ ባልም ይሰውርሽ።

ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። ስሙን መምህሩ አላወጡትም። ወረቀቱ ላይ ልጁ ስም የለውም፤ «ልጄ፣ ተነሥ» ነው የሚለው። በመጀመሪያው ልምምድ በልጃችን ስም ብጠራው «ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አትናገር» አሉኝ። እንግዲያው ይኑርበት ብዬ ጻፍኩት። እሳቸውም በምላጭ ፍቀው አወጡት፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ሳስቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

የሣህሉ አባት