አንዴ ተወግቶ የሚጣለው መርፌ

ደሴ፣ ሆጤ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፱

ልጄ ሳፊያ፣ አላህ በሰው አገር በአማን ያቆይሽ፤ የምትማሪውንም ለሰው የሚጠቅም ያድርገው።

ለነርስነት ትምህርትሽ ስለ አዲስ የሕክምና መሣሪያ ጻፊ ተብለሽ፣ የልብን ምት የሚያሳየውን ማሽን እንደመረጥሽ ጽፈሽልኛል። ተይው። እዚህ ያየሁት ነገር አንገፍግፎኛል።

እኅትሽ ለይላ ኮምቦልቻ ከተማ ሄዳ ልጇን ስታሳክም፣ ሐኪሙ አንዴ ተወግቶ የሚጣል የላስቲክ መርፌ ተጠቅሞ ጣለው። አብራት የሄደችው እናትሽ ከቆሻሻው አንስታ፣ በሙቅ ውሃ አጥባ፣ በመሐረብ ቋጥራ ይዛው መጣች።

«ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንቱ ከመጽሐፍ ሌላ ምን ያውቃሉ? የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየ ሰው ደህና ዕቃ አይጥልም» አለችኝ።

ጎረቤታችን እንድሪስ ሲታመም ያንኑ አዋሰችው። የሰፈሩ መርፌ ወጊም ሳያፍር ወጋበት። የእንድሪስ ክንድ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስደነው በስንት መከራ ተረፈ። መርፌውን አቃጠልኩት፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ጎረቤቱም ሁሉ ከእሷ ጋር ነው።

ስለዚህ ስለ መርፌው ጻፊ፤ ታጥቦም ለምን እንደማይነጻ አስረጂ። አስተማሪሽ ጉዳዩ ትንሽ ነው ቢሉሽ እሺ አትበይ።

አላህ እጅሽን የሽፋ፣ የፈውስ እጅ ያድርገው። አደራ፣ በአማርኛ ገልብጠሽ ለእናትሽ በስሟ ላኪላት። እኔን አትሰማም፤ አንቺን ትሰማ ይሆናል።

አባትሽ በሽር